አረንጓዴዋ ሳንቲም በሎሚ ትታጠብ ወይስ ትተው?

በዚህ ወር ዓምዳችን የአንድ ቤት ክርክር ይዘን መጥተናል። የላከችልን የሁለት ልጆች እናት ናት። የ11 ዓመት ልጇ ለልደቱ ሜታል ዲቴክተር ተገዝቶለት ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ዶክዋይለር ባሕር ዳርቻ አሸዋ ሲያስስ ይውላል። አንድ ቀን አምስት አረንጓዴ የለበሱ ሳንቲሞች ይዞ ሲገባ፣ ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡት አያቱ “ይኼማ እኔም ዘንድ አለ” ብለው በመሐረብ ጫፍ የቋጠሯቸውን ጥቋቁር የመዳብ ሳንቲሞች አወጡ። ከዚያም ወደ ማድ ቤት ሄደው ሎሚና ጨው ይዘው ብቅ አሉ። ልጁ “ኖ፣ እማማ! እንዳይነኩት!” ብሎ ጮኸ። አያትም “ምን ሆነሃል ልጄ፣ መዳብ በሎሚ ነው የሚያምረው፤ እኔ ስንት ዘመን ያጠብኩትን!” አሉ።

እናትየዋ “ማን ነው ልክ? ሁለቱም ተኳርፈውብኛል” ብላ ጠይቃናለች። ፍርዱን እንሰጣለን፤ አስቀድመን ግን ሳንቲሞቹን እንያቸው። ምን እንደሆነች ሳይታወቅ የሚታጠብ ሳንቲም የለም። መልኳን ካጠፋናት በኋላ ማን እንደነበረች ብንጠይቃት አትመልስም።

ከሁሉ በፊት፦ መለየት

ሳንቲሟን ዳርና ዳሯን ይዛችሁ አንሷት፤ ፊቷን በጣት አትሹ። አሸዋ ወይም አፈር ካለባት በንጹሕ ውኃ ብቻ ለቅለቅ አድርጓት፣ በለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጧትና ትድረቅ። ከዚያ በስልክ ሁለቱንም ፊት ፎቶ አንሱ፤ መብራቱ ከጎን ሲመጣ የደበዘዘው ጽሑፍ ጥላ ጥሎ ይነበባል። ማግኔት አስጠጉ፤ መዳብና ነሐስ በማግኔት አይሳቡም። ቀጥሎ የማድ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጡና ግራሙን ጻፉ። የት፣ መቼና በስንት ኢንች ጥልቀት እንደተገኘችም በደብተር ይመዝገብ። ይህችን ደብተር ልጆቹ ራሳቸው ቢይዙ ጥሩ ነው።

ከአሸዋው የወጡት

ሎስ አንጀለስ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኝ አረንጓዴ ሳንቲም አብዛኛው የአሜሪካ ፔኒ ነው። ፔኒ በ1793 መመታት ስትጀምር ሙሉ በሙሉ መዳብ ነበረች፤ መጠኗም ከዛሬዋ በጣም ትልቅ ነበር። የአብርሃም ሊንከን ፊት የታተመባት በ1909 ነው። ከ1909 እስከ 1958 ድረስ በጀርባዋ ሁለት የስንዴ ዛላዎች አሉ። ልጆች፣ የስንዴ ዛላ ካያችሁ ቢያንስ የአያቶቻችሁን ዕድሜ የሚያህል ነገር ይዛችኋል ማለት ነው።

የ1943 ፔኒ ማግኔት ይስባታል። ያን ዓመት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት መዳብ ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ፣ ፔኒ ከብረት ተሠርታ በዚንክ ተለበጠች። ሌላው ትልቅ ለውጥ የመጣው በ1982 ነው። ከዚያ በፊት ፔኒ 95 በመቶ መዳብ ስትሆን 3.11 ግራም ትመዝናለች። ከዚያ ወዲህ የተመታችው ግን ውስጧ ዚንክ፣ ላይዋ ስስ የመዳብ ሽፋን ሆኖ 2.5 ግራም ናት። የቤት ሚዛናችሁ ትንሿን ልዩነት ካላሳየ አሥር አሥር አድርጋችሁ መዝኑ፤ አሮጌዎቹ 31 ግራም አካባቢ፣ አዲሶቹ 25 ግራም ይሆናሉ። ባሕር ውኃ የዚንኳን ፔኒ በፍጥነት ይበላታል። ስለዚህ አሸዋ ውስጥ ተበልታ፣ ጠርዟ ተቦዳድሶ የምትገኘው አብዛኛውን ጊዜ አሮጌዋ ሳትሆን አዲሲቷ ናት! ዕድሜን በመጎሳቆል አትገምቱ፤ ዓመተ ምሕረቱን አንብቡ።

የአሜሪካ መንግሥት በኖቬምበር 2025 ለገበያ የሚሆን ፔኒ መምታት አቁሟል። ያሉት ግን እንደ ገንዘብ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ።

ከመሐረቡ የወጡት

አሁን ወደ እማማ መሐረብ እንምጣ። ከድሮ ሰዎች ዘንድ የሚገኙት የመዳብ ሳንቲሞች በአብዛኛው ከሦስት ዘመን የአንዱ ናቸው።

የመጀመሪያው የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት አገራችን የምትገበያየው በአሞሌ ጨውና 1780 የሚል ቁጥር በታተመበት የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ ሐረር ደግሞ በአሚሮቿ ዘመን መሐለቅ የሚባል የራሷ ሳንቲም ነበራት። ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት ብር ፲፰፻፹፯ የሚል ቁጥር አለው። ፲፰፻፹፱ የሚል ቁጥር ያለባቸው የመዳብ ሳንቲሞችም አሉ። 1889 ዓ.ም. የአድዋ ድል በተገኘ ማግስት ያለው ዓመት ነው። በአንድ ፊት ዘውድ የጫኑት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው አንበሳው ይታያሉ።

ሁለተኛው 1923 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ ከጫኑ በኋላ የወጡት ሳንቲሞች ፲፱፻፳፫ ይላሉ። የአንድና የአምስት መቶኛ ሳንቲሞቹ መዳብ፣ የአሥር፣ የሃያ አምስትና የሃምሳ መቶኛዎቹ ኒኬል ናቸው። “መቶኛ” የብር አንድ መቶኛ ማለት ነው። የውጭ አገር ሰብሳቢዎች “ማቶና” እያሉ የሚጠሩት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛውና በብዛት የሚገኘው ፲፱፻፴፮ የሚለው ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ የ1፣ የ5፣ የ10 እና የ25 ሳንቲሞች መዳብ፣ የ50 ሳንቲሟ ደግሞ ብር ነበረች። አንዷ ሳንቲም ከፔኒ ታንሳለች፤ አሥር ሳንቲሟ ከኒክል ትበልጣለች። ሃያ አምስት ሳንቲሟ መጀመሪያ ክብ ነበረች። መጠኗ ከሃምሳዋ ጋር ስለሚቀራረብ እንዳትምታታ ኋላ ጠርዟ እንደ አበባ ቅጠል ተከርክሞ ወጣ።

ልጆች፣ ይህችን ደግሞ ልብ በሉ፦ ከነዚህ የ1936 ሳንቲሞች ውስጥ እዚሁ አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ የተመቱ አሉ። የስንዴ ዛላዋ ፔኒና የእማማ አምስት ሳንቲም ከአንድ ቤት የወጡ እኅትማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። አንዷ ባሕር ተሻግራ አዲስ አበባ ደረሰች፤ አሁን በመሐረብ ተቋጥራ ተመለሰች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር፣ ቤተሰብ እንዳይጣላ። የ1936 ሳንቲሞች ያው ቁጥር እንዳለባቸው ለብዙ ዓመታት በብዛት ሲመቱ ኖረዋል። ስለዚህ ብርቅ አይደሉም፤ ቤት አይገዙም፣ ኮሌጅ አይከፍሉም። “ሚሊዮን ያወጣል” የሚል ቪዲዮ ካያችሁ እለፉት። ዋጋቸው ሌላ ነው፤ እንመጣበታለን።

1969 ዓ.ም. ላይ ደርግ ያወጣቸው ሳንቲሞች የአንበሳ ራስ አለባቸው። አምስትና አሥሩ ቢጫ የናስ ሳንቲሞች ናቸው፤ አንድ ሳንቲሟ አሉሚንየም ናት። አሥሩ ላይ ደጋ አጋዘን አለ፤ ፈልጉት።

ለልጆች፦ ቁጥሩን አንብቡ

ከአያታችሁ ጋር ተቀመጡና ይህን ተማሩ። ከ፩ እስከ ፲ ያለውን ብዙዎቻችሁ በአማርኛ ትምህርት አይታችሁታል። ፳ ሃያ፣ ፴ ሠላሳ፣ ፵ አርባ፣ ፶ ሃምሳ፣ ፷ ስልሳ፣ ፸ ሰባ፣ ፹ ሰማንያ፣ ፺ ዘጠና፣ ፻ መቶ ነው። አሁን ፲፱፻፴፮ን እንፍታ፦ አሥርና ዘጠኝ አሥራ ዘጠኝ፤ አሥራ ዘጠኝ መቶ፤ ሠላሳ፤ ስድስት። 1936! በፈረንጅ አቆጣጠር ስንት ነው? ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ትደምራላችሁ። ስለዚህ 1943 ወይም 1944 ይሆናል።

የቤት ሥራ፦ ፲፰፻፹፱ እና ፲፱፻፷፱ በፈረንጅ ስንት ናቸው? መልሱን ከላይ ካነበባችሁት አውጡ፤ ስልክ አይፈቀድም።

አነጋገራችንም ውስጥ ሳንቲም ተደብቋል። “ቤሳ ቤስቲን የለኝም” ስንል ቤሳ ዱሮ ትንሽ የመዳብ ሳንቲም ነበረች። ሃምሳ ሳንቲምን ሽልንግ የምንለው አዲሱ ገንዘብ ሲታወጅ አንድ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ስለተመነዘረ ነው፤ ግማሹ አንድ ሽልንግ ሆነ። ሃያ አምስቷንስ ምን እንላት ነበር? ስሙኒ። እነዚህን ስሞች ከአያቶቻችን አፍ ካልያዝናቸው ልጆቻችን ከየትም አያገኟቸውም።

አክሱም ከሆነስ?

አንዳንዴ ከአገር ቤት በስጦታ የሚመጡ ትንንሽ አረንጓዴ ሳንቲሞች አሉ፤ በአንድ ፊት ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ በሌላው መስቀል ይታይባቸዋል። አክሱም ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ድረስ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ ትመታ ነበር። የመጀመሪያው ባለ ሳንቲም ንጉሥ እንዱቢስ ነው። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ የነበረውን ጨረቃና ክብ አንሥቶ መስቀል አስገባ። ጽሑፉ በግሪክ ወይም በግዕዝ ነው።

እነዚህን በተመለከተ ሁለት ነገር እንለምናችሁ። አንደኛ፣ አትንኩ። ከመዳቦቹ አንዳንዶቹ በመስቀሉ ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ በስስ ወርቅ ተለብጠዋል። ከአረንጓዴው ሽፋን ሥር ተደብቆ የቆየው ወርቅ በአንድ ጊዜ ፍግፈጋ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ አትግዙ፣ አታምጡም። በአክሱም ዝናብ ሲጥል እንዲህ ያሉ ሳንቲሞች ከመሬት ይወጣሉ፤ ቱሪስት ሲመጣ ይሸጣሉ። በኢትዮጵያ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከመሬት የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት መነገር አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። ሳንቲሟ ከተገኘችበት አፈር ስትለይ ታሪኳ ግማሹ ይቀራል። የት፣ ከምን ጋር፣ በየትኛው ንብርብር ተገኘች የሚለውን ሊመልስ የሚችል ሰው አይኖርም። በሻንጣ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ አስመስለው የሠሩት ነው።

ሎሚው ምን ያደርጋል?

አሁን ወደ ክርክሩ። እማማ ልክ ናቸው፤ ሎሚና ጨው መዳብን ያበራል። በዚህ ማንም አይከራከራቸውም። ለድስት፣ ለሳፋ፣ ለነሐስ ዕቃ ከዚህ የተሻለ የለም። መዳብ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሲኖር ላዩ ይጠቁራል፣ ኋላም አረንጓዴ ይሆናል። የሎሚው አሲድ ይህን ሽፋን ያሟሟዋል። ነገር ግን ያ ሽፋን የተሠራው ከሳንቲሟ ከራሷ መዳብ ነው። እሱ ሲሄድ ከላይዋ ይሄዳል፤ ከጠጉሩ መስመር፣ ከፊደሉ ጫፍ፣ ከዓመተ ምሕረቱ ይሄዳል። ድስት ላይ ፊደል ስለሌለ አይጎዳውም። ሳንቲም ግን ሁሉ ነገሯ ላዩዋ ላይ ነው።

ደግሞም በአሲድ የታጠበ መዳብ ተፈጥሯዊ ያልሆነ ሮዝማ መልክ ይይዛል፤ ሰብሳቢዎች ከሩቅ ያውቁታል፤ ዋጋዋም ይወርዳል። ኮምጣጤ፣ ኬቸፕ፣ ኮካ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አመድ፣ የብረት ብሩሽ፣ የድስት መፈግፈጊያ፣ ሁሉም ያው ናቸው።

ታድያ እንዴት እናጽዳ?

ደረጃ በደረጃ ሂዱ፤ በየደረጃው “ይበቃል?” ብላችሁ ጠይቁ። ጽሑፉ ከተነበበ ይበቃል።

1. ዲስቲልድ ዋተር የሚባለውን ከሱፐርማርኬት በጋሎን የሚሸጠውን የተጣራ ውኃ በብርጭቆ ዕቃ አድርጋችሁ ሳንቲሟን ንከሩ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ለረጅም ጊዜ አይሆንም። ውኃውን በየቀኑ ቀይሩ። ከባሕር የወጣች ከሆነች ጨው ስላለባት ሳምንትና ከዚያም በላይ ትቆይ።

2. አፈሩ ሲለሰልስ በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንሡት። መርፌ፣ ቢላ፣ ጥፍር አይሆንም።

3. አልለቅ ካለ ከፋርማሲ የሚገኝ ሚኔራል ኦይል ውስጥ ለሳምንታት አስቀምጧት። የወይራ ዘይትም ይጠቀማሉ፤ እሱ ግን በመጠኑ አሲድ ስላለው ሚኔራል ኦይል ይሻላል። ትዕግሥት የዚህ ሥራ ዋናው መሣሪያ ነው።

4. በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ተጫን ተጫን አድርጋችሁ አድርቋት፤ አትሹ።

5. በወረቀት ፖስታ ወይም ለሳንቲም ተብሎ በተሠራ ካርቶን አስቀምጧት። ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ መዳብን አጣብቆ ያበላሻል።

አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። ጠንካራ፣ ለስላሳና ጠቆር ያለው አረንጓዴ ለሳንቲሟ እንደ ልብስ ነው፤ ይጠብቃታል፣ ተዉት። ፈዛዛ፣ እንደ ዱቄት የሚረግፍ አረንጓዴ ግን በሽታ ነው። ጨው ከእርጥበት ጋር ሆኖ መዳቡን ከውስጥ እየበላው ነው። እንዲህ ያለችውን ከሌሎቹ ለዩ፣ በተጣራ ውኃ ደጋግማችሁ ንከሩ፣ በደንብ አድርቁና በጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚመጡት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር አኑሩ። ከነካችሁ በኋላ እጅ ይታጠብ፤ ትንንሽ ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱ ጠብቁ።

የቅዳሜ ሙከራ ለልጆችና ለአያቶች

የእማማን ሎሚ በከንቱ አናስቀር። ሦስት የዘመኑን ፔኒዎች ውሰዱ፤ አሮጌ አይሁን! በብርጭቆ ሳህን ሩብ ስኒ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ አፍሱና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ሁለቱን ፔኒዎች ለ5 ደቂቃ ንከሩ። አንዷን በውኃ አለቅልቃችሁ አድርቁ፤ ሁለተኛዋን ሳታለቀልቁ ወረቀት ላይ አኑሩ። ሦስተኛዋን አትንኩ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያልተለቀለቀችው አረንጓዴ ስታወጣ ታያላችሁ። አሲድና ጨው ያነቃው መዳብ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይህን ይሠራል። ክርክሩን ከአፍ ይልቅ ዓይን ይፈርደው።

ዲቴክተር ለያዛችሁ

የፌዴራል ናሽናል ፓርክ ቦታዎች ላይ ሜታል ዲቴክተር መጠቀም የተከለከለ ነው። ሳንታ ሞኒካ ተራሮች ውስጥ ያሉት የፌዴራል መሬቶችም በዚሁ ይታያሉ። ከ100 ዓመት በላይ የሆኑ የአርኪዮሎጂ ቅርሶችን ከፌዴራል መሬት ማውጣት በ1979 በወጣ ሕግ ያስቀጣል። የከተማ ፓርክና ባሕር ዳርቻ የየራሱ ደንብ ስላለው አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቆፈራችሁትን ጉድጓድ ድፈኑ። በካሊፎርኒያ ሕግ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ የጠፋ ዕቃ አግኝታችሁ ባለቤቱን ካላወቃችሁ ለፖሊስ ማስረከብ ግዴታ ነው። የአንድ ሰው የቃል ኪዳን ቀለበት ካገኛችሁ ደስታችሁ ስትመልሱት ይብስ።

ፍርዱ

ልጁ ስለ ሳንቲሟ አያያዝ ልክ ነው። አያቱ ደግሞ ልጁ በየትኛውም ማሽን የማያገኘውን ይዘዋል። ዲቴክተሩ ጢጥ ይላል፣ ሚዛኑ ግራም ይናገራል። ያቺ አምስት ሳንቲም ግን በማን እጅ እንደነበረች፣ ምን ተገዝቶባት እንደነበር፣ ለምን እስከ ዛሬ በመሐረብ ተቋጥራ እንደኖረች የሚናገሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። አረንጓዴው ሽፋን ሌላ መቶ ዓመት ይጠብቀናል፤ የእማማ ትውስታ ግን እንደዚያ አይጠብቅም።

ስለዚህ እኛ የምንፈርደው እንዲህ ነው። ሎሚው ወደ ሰላጣው ይመለስ። ልጁ ሳንቲሞቹን በውኃ ይንከር፤ ውኃውን በየቀኑ ሲቀይር አያቱ አጠገቡ ይቀመጡ፤ በየቀኑም አንድ ጥያቄ ይጠይቃቸው። “እማማ፣ በስሙኒ ምን ይገዙ ነበር?” ብሎ ይጀምር። መልሱን በዚያችው ደብተር ከግራሙ ሥር ይጻፈው፤ በአማርኛ ቢጽፈው ደግሞ እሰየው፣ ፊደሉ ቢጎብጥም ግድ የለም።

እናንተም በየቤታችሁ ያለውን ቆርቆሮ፣ የድሮ ቦርሳ፣ የሻንጣ ኪስ ፈትሹ። ያገኛችሁትን ከነታሪኩ ጻፉልን። ለሚቀጥለው ወር ያድርሰን፤ ሰላም ሁኑ!